የወንድሜን ስም ያዋስኩት ሰው

ያን ቦርሳ ከወንበሬ ላይ አንሳው። አንሳው አልኩህ እኮ! መሬት ላይ አድርገው፤ አለዚያም ከነጭራሹ ወደ ውጭ አውጣው። ጀርባ ላይ የሚታዘል ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። እሱን አዝለህ፣ ባለፈው ሳምንት ከተዋወቅካቸው ልጆች ጋር፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በሊፍት ላንጋኖ ልትወርድ ነው አሉ። እናትህ ነገረችኝ። «አንቺ ምከሪው» ብላ ነው እኔ ጋ የላከችህ። እኔ ምክር አላውቅም። የማውቀውን እነግርሃለሁ፤ ከዚያ ብትፈልግ ሂድ፣ ባትፈልግ ቅር።

ያኔ ይቺ አዳማ በወረቀት ላይ ናዝሬት ነበረች። ሰው ከዚህ ተነስቶ ሌላ ከተማ ለማደር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያወጣል። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እጠብቃለሁ። ሻሸመኔ ያለችው አክስቴ ወልዳ ስለነበር፣ አራስ ልጠይቅ ከታናሽ ወንድሜ ጋር፣ ከአባትህ ጋር ማለቴ ነው፣ እንድሄድ ተወሰነ። የቀበሌው ጸሐፊ የሁለታችንንም ስም አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም መታበት። ፎቶ የለው፣ ምን የለው። በነጋታው አባትህን ወባ ጣለው። ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦለት ጥርሱ ይንገጫገጫል። እናቴ «ብቻሽን ሂጂ፤ አክስትሽ ትቀየማለች» አለች። እኔም ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ የአባትህ ስም ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ።

መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡስ የለም። ዘማች ሊያመላልሱ ተወስደዋል ተባለ። መቼ ይመለሳሉ ብለህ የምትጠይቀው ሰው የለም፤ ብትጠይቅም «ለምን ፈለግሽው?» ነው መልሱ። እዚያ ነው ሁለቱን ያገኘኋቸው።

አንዱ የወንጂ ልጅ ነው። አባቱ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ የሞተ፣ ራሱም ሸንኮራ ቆራጭ፣ እጁ በቅጠሉ የተተለተለ። ሻሸመኔ አጎቱ ታመው ሊጠይቅ ነው። በጨርቅ የተቋጠረች ስኳር ይዟል፤ ያኔ ስኳር በራሽን ስለነበር የወንጂ ሰው ዘመዱን የሚጠይቀው በስኳር ነው። ደረት ኪሱ ውስጥ ደግሞ በፕላስቲክ የጠቀለለው ወረቀት አለ። «የእናቱ ጧሪ ስለሆነ ከውትድርና ይታለፍ» ይላል። በየሰዓቱ ኪሱን ይዳብሳል። ንግግር ብዙም የለውም።

ሌላው ተማሪው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ያለን። ጀርባው ላይ ትልቅ የሸራ ቦርሳ አዝሏል። ወዴት ነህ ስለው «ሐይቆቹን በእግሬ እያየሁ ልወርድ ነው» አለኝ። ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ ሲሄድ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ያምርበታል፣ ምን ላድርግ! ስለ አባትህ ወባ ሳወራለት ሰማና «ወንድምሽ ከቀረ እኮ ቦታው ባዶ ነው» አለ። የሱን ወረቀት ዘመድ ቤት ረስቶት ነው የመጣው። ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለኝ፤ እኔም አመንኩት። አመንኩት ወይስ ማመን ፈለግሁ? ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሁለተኛው ነው።

እንዲህ አድርጌ የአባትህን ስም አዋስኩት።

ከመናኸሪያ በእግራችን ወጥተን፣ በአሸዋ መኪና ሞጆ ደረስን። እዚያም፣ አዲስ አበባ ሽንኩርት አራግፎ ባዶ ጆንያ ይዞ ወደ መቂ የሚመለስ መኪና አገኘን። ጆንያዎቹ ላይ ተንጋለን ሄድን። የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ነፋሱ ደግሞ አቧራውን አፋችን ውስጥ ይሞላዋል። ግራሮቹ እየሮጡ ወደ ኋላ ያልፋሉ። ተማሪው ያወራል፣ የወንጂው ልጅ ይስቃል፣ እኔ ደግሞ ፀጉሬን ለነፋስ ለቅቄዋለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ እናቴ ፈቃድ ከበር ያልወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው አመንኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ለዚህም ነው የሚያናድደኝ።

መቂ መግቢያ ኬላው ላይ ፈታሹ ወረቀቱን አገላብጦ አየና የአባትህን ስም ጠራ። ተማሪው «አቤት!» አለ፣ ተወልዶ ያደገበት ስም ይመስል። ፈታሹ እኔን አየኝ። «ወንድምሽ ነው?» «ወንድሜ ነው።» አለፍን። የወንጂው ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ትንሽ ከሄድን በኋላ ብቻ ቀስ ብሎ «የራስሽ ወንድም ስም እኮ ነው» አለኝ። «እና?» አልኩት ቆጣ ብዬ። ያን ጊዜም እንዲህ ነበርኩ፤ የሚመክረኝ ሰው አልወድም።

መቂ አንድ ቡና ቤት እኔ አልጋ ይዤ፣ እነሱ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አደሩ። በማግስቱ በጋሪና በእግር ዝዋይ ገባን። ዛሬ ባቱ የምትሉት ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ አሳ በእጃችን በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ ቆመው የአሳውን አንጀት ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ዘቅዝቃ ውሃው ሁሉ የሻይ መልክ ይዞ ነበር። ተማሪው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ «እህቴ፣ እንዲህ እየሄድን ብንቀርስ?» አለኝ። በሰው ፊት «እህቴ» ይለኛል፣ ሰው በሌለበትም «እህቴ» ይለኛል፤ ሲለኝ ግን የእህት አይደለም። ልቤ ስልብ አለች። በሁለት ቀን! እንዴ፣ አትሳቅብኝ፤ አንተም ደርሰህ ታየዋለህ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የጫነን መኪና ቡልቡላ ሳይገባ ጎማው ፈነዳ። ቅያሪ ጎማ የለውም። ሰዓት እላፊው እየደረሰ ነው፤ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሦስታችንም እየተጣደፍን ስንሄድ፣ ከብቶቻቸውን ወደ ቤት የሚያስገቡ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ አየናቸው። ገና ከሩቅ «ነጋያ?» ብለው ደህንነታችንን ጠየቁን። የወንጂው ልጅ በኦሮምኛ መለሰላቸው። ወዲያው ፊታቸው በራ። «ኮታ፣ ኮታ ልጆቼ፤ ኑ፣ ሰው መንገድ ላይ አያድርም» አሉ።

ሕጉን ልንገርህ፤ እናንተ አታውቁትም። እንግዳ የሚያሳድር ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ እንግዶቹን ይዞ ገበሬ ማኅበር ያስመዘግባል። ጠዋት ደግሞ ያንኑ ያህል ሰው ይዞ ቀርቦ «እንደተቀበልኳቸው እነሆ» ብሎ ያሰናብታል። አንድ ሰው ቢጎድል ተጠያቂው አሳዳሪው ነው። ሽማግሌው ከመሄዳችን በፊት እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህ ልጅ ወንድምሽ ነው?» አሉኝ። «ወንድሜ ነው አባባ።» «የእናትሽ ልጅ?» «የእናቴም የአባቴም ልጅ።» ዓይኔን አዩት። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ሄደው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው መዝገቡ ላይ ጫኑት። በኔ ቃል! ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ ለካው። ያን ሰሞን ለውትድርና እንዲያቀርብ ከታዘዘው ቁጥር ሰው እየጎደለው እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው።

ያን ምሽት ያበሉንን ምግብ አልረሳውም። ሙቅ የገብስ ገንፎ በቅቤ። የወንጂው ልጅ ስኳሩን ፈትቶ ግማሹን ለሽማግሌው ሚስት ሰጣቸው፤ «ለአጎትህ ነው እኮ» ብለው እምቢ ቢሉም በግድ አስያዛቸው። ሽማግሌው አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፤ አስራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ገና ድምፁ የሚሰነጠቅ። ከወንጂው ልጅ ጎን ተለጥፎ አመሸ። ስለ ፋብሪካው፣ ሸንኮራው ስለሚጫንበት ባቡር ይጠይቀዋል። ያም ሳይሰለቸው ይመልስለታል።

ከመተኛታችን በፊት ተማሪው ቁልቋሉ አጥር ጋ ጠራኝ። «ጠዋት ያ ሊቀመንበር ፊት አልቀርብም» አለኝ። «ለምን?» «ወረቀት ረስቼ አይደለም። ስሜ ለውትድርና ወጥቶ ነው የጠፋሁት።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ «ጠዋት አሳ የጫነ መኪና ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ከፊታችን ያለው ድልድይ ሥር እጠብቀዋለሁ። ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። «ሽማግሌውስ?» አልኩት። «ሽማግሌን ምን ያደርጉታል?» አለ፤ እጄን ያዘኝ።

አልሄድኩም። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ፣ ታምናለህ?

ጠዋት ቦታው ባዶ ነው። ቦርሳውም የለም። ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው «እንሂድ» አሉ ብቻ። ቢሮው ፊት ያለው ዋርካ ሥር ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ከያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ተቀምጧል። ቆጠረን። «ወንድምሽ የት አለ?» «አላውቅም።» «ወንድምሽን አታውቂም?» ሰዎቹን ወደ ዝዋይ አቅጣጫ ላካቸው፤ በመጣበት መንገድ የሚመለስ መስሎታል። ድልድዩ በተቃራኒው ነው። ከቆምንበት የአንድ ጉልት ገበያ ስፋት ያህል ቢርቅ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሊቀመንበሩ ለሽማግሌው በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸው። የወንጂው ልጅ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። «ምን አለ?» ስለው «የጠፋው ካልተገኘ ልጅዎ በቦታው ይገባል ነው የሚላቸው» አለኝ። ልጁን ከቤት አመጡት። እናቱ ከኋላው እየተከተሉ መሬት ላይ ወደቁ፤ አፈሩን በእጃቸው ይቧጥጡታል። ሽማግሌው ግን ቆመው እኔን ነው የሚያዩኝ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ! እየጠበቁኝ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እዚያ ዋርካ ሥር አልቆመም። አንዲት ቃል፣ «ድልድዩ» ብል ያበቃ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ለራሴ ምን እያልኩ ኖርኩ መሰለህ? ወንድሜን ላድን ነው ዝም ያልኩት፣ ስሙ መዝገቡ ላይ ስላለ ፈርቼ ነው እያልኩ። ውሸት! ተማሪው ቢያዝ ኖሮ ማን መሆኑ ይታወቅና አባትህ ነፃ ይወጣ ነበር። የገዛ ወንድሜን የከዳተኛ ስም ያሸከምኩት ለዚያ ሰውዬ ብዬ ነው። ወድጄው ነው። ይኸው፣ ለአባትህም ያልነገርኩትን ላንተ ነገርኩህ።

የወንጂው ልጅ ያን ጊዜ ወደፊት ወጣ። «ልጁን ልቀቁት። እሱ እስኪገኝ እኔን ያዙኝ» አለ። ሊቀመንበሩ «አንተ ምን አገባህ?» ሲለው «የሰው ቤት በልቼ የሰው ልጅ አላስወስድም» አለ። ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ክንደ ብርቱ፣ ለሥራ የደረሰ። ከዚያ ኮስማና ልጅ እሱ እንደሚሻለው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ልጁን ለቀቁት። የወንጂው ልጅ አጠገቤ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አይዞሽ፤ የትም አይደርስም፣ ያገኙታል» አለኝ። እኔን ነው አይዞሽ የሚለው!

የአሳው መኪና ዘግይቶ ነበር። ፀሐይ ከፍ ብላ ነው ጥሩምባው የተሰማው። ድልድዩ ላይ ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ ትንሽ ቆየ፤ ማርሽ ሲቀይር ሰማሁት፣ ከዚያ ዳገቱን እያጓራ ወጣ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ። ያኔ ነው ምላሴ የተፈታው። «ድልድዩ ጋ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ወንድሜም አይደለም፤ ወንድሜ ቤት ታሞ ተኝቷል!»

ሊቀመንበሩ በጥፊ መታኝ። አልፈርድበትም፤ በሕይወቱ የሠራት ትክክለኛ ሥራ እሷ ሳትሆን አትቀርም። የወንጂው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ትክ ብሎ አየኝ። ገባው፤ ከጠዋት ጀምሮ አውቅ እንደነበር ገባው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደረት ኪሱን ከፍቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀቱን አወጣና ለሊቀመንበሩ አሳየው። ሊቀመንበሩ ሊያነበው እንኳን አልዘረጋውም፤ «እስኪገኝ ያዙኝ ያልከው አንተ ነህ፤ እንግዲህ አይገኝም» አለው። የወንጂው ልጅም ወረቀቱን መልሶ አጣጥፎ እጄ ላይ አደረገው። «ለእናቴ ስጪልኝ። የሆነውን ንገሪያት» አለኝ። ከሰዓት ምልምሎች የጫነ መኪና መጥቶ ወሰደው። መኪናው ላይ ሲወጣ ሽማግሌው ግንባሩን ሳሙት። እኔን ግን ሲያልፉ አላዩኝም። ሊቀመንበሩ «ጥፊ ከፊቴ» አለኝ፤ ሽማግሌውን ሳልቀርባቸው ወደ ናዝሬት ተመለስኩ፤ የአክስቴንም አራስ ቤት አላየሁም።

ያን ተማሪ? አንድ ጊዜ አገኘሁት፤ እዚሁ አዳማ፣ ሰርግ ላይ። ወፍሯል፣ መኪና አለው፣ ልጆች አሉት። ገና ሲያየኝ «እህቴ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ያቺ ጉዞ! ሽንኩርቱ፣ አሳው… እንደሱ ያለ ጊዜ መቼም አይመጣም። ያ ዝምተኛው የወንጂ ልጅስ ደህና ነው?» አለኝ። የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ወጣሁ። ፊቱ ላይ አለመድፋቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወንጂ የሄድኩት ከቡልቡላ በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ፦ «እናቴ፣ አውቅ ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» የሠራተኞቹ ሰፈር ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ተደርድረው የተሠሩ ናቸው፤ አየሩ የሞላሰስ ሽታ ይዞ ይከብዳል። እናትየው ከሥራ ገና መግባታቸው ነበር፤ እግራቸው ላይ የሸንኮራ ማሳ ጭቃ ደርቋል። ሀድያ ናቸው፤ አማርኛቸው ሰባራ ነው ግን ይገባል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ግን ገና ሳልናገር አወቁት። ደረታቸው ላይ ያዙት። «ሞተ?» አሉኝ። «አልሞተም፤ ለውትድርና ወሰዱት» አልኩ። አላለቀሱም። ቁጭ አሉ። እኔ ደግሞ ያዘጋጀሁትን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ጠዋት በልቶ ነበር?» አሉኝ።

«እ?»

«የወሰዱት ቀን። ቁርስ በልቷል? ሳይበላ ከዋለ ያዞረዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ ማሳ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቋል። መኪና ላይ ካዞረው ማን ይይዘዋል?»

ያን ቀን ጠዋት የሽማግሌው ሚስት የቀዱልን ወተት ማንም ሳይነካው ነው የወጣነው። ከዚያ በኋላም ዋርካው ሥር ውሃ እንኳ የሰጠን የለም።

«በልቷል» አልኩ። «ወተት ጠጥቷል፣ ሁለት ኩባያ። ገንፎም በልቷል፤ በቅቤ።»

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱና ለማዶዋ ጎረቤታቸው ጮክ ብለው ተጣሩ። «በልቶ ነው የሄደው! ወተት ጠጥቷል አለችኝ!» ጎረቤትየዋም ከማዶ «ተመስገን! ተመስገን!» አለች። ተመልሰው ገቡና እንግዳ ነሽ፣ ከሩቅ ነው የመጣሽው፣ አንቺም ብዪ ብለው ያላቸውን ሁሉ ፊቴ ላይ አቀረቡ። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዩኛል፤ ልጃቸው ሲበላ የሚያዩ ይመስል። የመጣሁበትን ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ የቀረበልኝን አንድ ሳላስተርፍ በላሁ።